በትከሻ አጥንት ዙሪያ የሚገኙት ደም ቅዳዎችና ተለዋጭ የደም መንገዶቻቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በጅማ ለጤና ተማሪዎች የሰውነት አካል ትምህርት በማስተምርባቸው ዓመታት ከክፍል ውስጥም ከክፍል ውጭም ደጋግመው የተነሡልኝ ናቸው። ጠያቂዎቹ ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ትከሻው የወለቀ ልጅ ይዘው የመጡ ወላጆችና ከገጠር ጤና ጣቢያ ቁስለኛ አጅበው የሚመጡ ነርሶችም ይጠይቁኛል። አጠያየቃቸው ቢለያይም የሁሉም መነሻ አንድ ነው፤ ወደ ክንድ የሚሄደው ዋና ደም ቅዳ ቢዘጋ ክንዱን ማን ይመግበዋል የሚል ነው። መልሱ የሚወሰነው ቧንቧው የት ላይ እንደተዘጋና ምን ያህል በፍጥነት እንደተዘጋ በመሆኑ፣ በየመልሱ ውስጥ ወደእነዚህ ሁለት ነገሮች ደጋግሜ እመለሳለሁ።

ስካፑላ የሚባለው የትኛው አጥንት ነው? ስለ ደሙስ ለብቻው የሚነገረው ለምንድን ነው?

ስካፑላ በላይኛው ጀርባ ግራና ቀኝ፣ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው የጎድን አጥንት ድረስ ተደግፎ የሚገኝ ጠፍጣፋና ባለ ሦስት ማዕዘን የትከሻ አጥንት ነው። ለፋሲካ ወይም ለአረፋ በግ ሲበለት ያየ ሰው ይህን አጥንት ያውቀዋል፤ ወርቹ ከደረቱ ሲለይ ቢላዋው የሚቆርጠው ሥጋ እንጂ አጥንት አለመሆኑን አስተውሎ ከሆነ ደግሞ ዋናውን ቁም ነገር አግኝቶታል። የበግ ትከሻ ከደረቱ ጋር የተያያዘው በጡንቻ ነው። በሰው ላይ ክላቪክል የተባለው ቀጭን አጥንት ከፊት በኩል ያገናኘዋል እንጂ፣ ስካፑላ በቦታው የሚቆየው በላዩ በተጣበቁት 17 ጡንቻዎች ኃይል ነው።

ለዚህም ነው ትከሻችን በሁሉም አቅጣጫ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሰው። ሆኖም ይህ ነጻነት ዋጋ አለው፤ ወደ ክንድ የሚሄደው ዋና ደም ቅዳ በዚሁ ተንቀሳቃሽ ቦታ፣ በብብት ውስጥ ስለሚያልፍ ክንዳችንን ወደ ላይ ስናነሣ፣ ወደ ኋላ ስናዞር ወይም ተንተርሰነው ስንተኛ ሊጎብጥና ሊጫን ይችላል። በዚህ ምክንያት በአጥንቱ ዙሪያ እርስ በርሳቸው የተገናኙ የደም ቅዳዎች መረብ ተዘርግቷል። በሕክምና ቋንቋ እንዲህ ያለው የደም ሥሮች መገናኘት አናስቶሞሲስ ይባላል፤ ዋናው ቧንቧ ሲታወክ በዚህ መገናኛ በኩል የሚያልፈው ተለዋጭ የደም ዝውውር ደግሞ ኮላተራል ይባላል።

ወደ ክንድ የሚሄደው ዋና ደም ቅዳ በየት በኩል ያልፋል?

ቧንቧው አንድ ነው፤ ስሙ ግን በሚያልፍበት ቦታ ይለዋወጣል። ከልብ የሚነሣው አኦርታ ቅስት ሠርቶ ሲታጠፍ የግራው ሰብክሌቪያን ደም ቅዳ ቀጥታ ከቅስቱ ይወጣል፤ የቀኙ ግን ብሬኪዮሴፋሊክ ከተባለው አጭር ግንድ ይከፈላል። ሰብክሌቪያን በአንገት ሥር አንቲሪየር ስኬሊን ከተባለው ጡንቻ በስተ ኋላ ሲያልፍ፣ ጡንቻው እንደ ወሰን ሆኖ በሦስት ክፍል ይከፍለዋል፤ ከጡንቻው በፊት ያለው አንደኛ፣ ከኋላው ያለው ሁለተኛ፣ ካለፈው በኋላ ያለው ሦስተኛ ክፍል ይባላል።

የመጀመሪያውን የጎድን አጥንት ውጫዊ ጠርዝ ሲያልፍ አክሲለሪ ተብሎ ወደ ብብት ይገባል። በዚህም ፔክቶራሊስ ማይነር የተባለ የደረት ጡንቻ በሦስት ክፍል ይከፍለዋል። ከአንደኛው ክፍል አንድ፣ ከሁለተኛው ሁለት፣ ከሦስተኛው ሦስት ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ተማሪን ከሚያስደስቱ ጥቂት የሰውነት አካል ቁጥሮች አንዱ ይህ ነው። ቴረስ ማጀር የተባለውን ጡንቻ የታችኛውን ጠርዝ ካለፈ በኋላ ስሙ ብሬኪያል ይሆንና የደም ግፊት ወደምንለካበት የክንድ ክፍል ይወርዳል።

መረቡን የሚሠሩት የትኞቹ ደም ቅዳዎች ናቸው?

ሦስቱን በሚገባ ያወቀ ሰው መረቡን አወቀ ማለት ይቻላል። ሁለቱ ከሰብክሌቪያን ወገን፣ አንዱ ከአክሲለሪ ወገን ይመጣሉ፤ የመረቡ ጥቅም በሙሉ ያለው ከዚህ ከሁለት ወገን መምጣታቸው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሱፕራስካፑላር ነው። ከሰብክሌቪያን አንደኛ ክፍል ታይሮሰርቪካል ትረንክ የሚባል አጭር ግንድ ይወጣል፤ ሱፕራስካፑላር ከዚያ ተነሥቶ ከክላቪክል በስተ ኋላ ወደ ስካፑላ የላይኛው ጠርዝ ይሄዳል። በጠርዙ ላይ ትንሽ ስርጉድ አለች፤ በላይዋ ጅማት እንደ ድልድይ ተዘርግቶባታል። ደም ቅዳው በድልድዩ ላይ ያልፋል፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ነርቭ ግን በድልድዩ ሥር ይሾልካል። በእንግሊዝኛ ይህን ለማስታወስ የሚነገረው የፊደል ጨዋታ በእኛ ቋንቋ ስለማይሠራ፣ ለተማሪዎቼ «ደሙ በድልድዩ ላይ፣ ነርቩ በድልድዩ ሥር» እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ደም ቅዳው ከአጥንቱ አከርካሪ (በስካፑላው ጀርባ ላይ አግድም ከተዘረጋው ሸንተረር) በላይ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ መግቦ፣ በአከርካሪው ውጫዊ ጫፍ ዞሮ ከአከርካሪው በታች ወዳለው ሰፊ ጎድጓዳ ቦታ ይወርዳል።

ሁለተኛው ዶርሳል ስካፑላር ነው። ይህ በአጥንቱ ውስጠኛ ጠርዝ፣ ማለትም ወደ ጀርባ አጥንት በሚያዘነብለው ጠርዝ በኩል፣ ሮምቦይድ ከተባሉት ጡንቻዎች ሥር ሆኖ እስከ ታችኛው ማዕዘን ይወርዳል። አነሣሡ ከሰው ሰው የሚለያይ በመሆኑ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ሰርከምፍሌክስ ስካፑላር ነው። የአክሲለሪ ሦስተኛ ክፍል ሰብስካፑላር የተባለ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ይህም የአክሲለሪ ቅርንጫፎች ሁሉ ትልቁ ነው። ሰብስካፑላር ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንደሄደ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ቶራኮዶርሳል ሆኖ ወደ ጎንና ወደ ጀርባ ጡንቻ ሲወርድ፣ ሌላው ሰርከምፍሌክስ ስካፑላር ሆኖ የአጥንቱን ውጫዊ ጠርዝ ዞሮ ወደ ጀርባ ይወጣል። የሚያልፍባት መስኮት ባለ ሦስት ማዕዘን ናት፤ ከላይ ቴረስ ማይነር፣ ከታች ቴረስ ማጀር፣ ከውጭ በኩል ደግሞ ትራይሴፕስ የተባለው የላይኛው ክንድ የኋላ ጡንቻ ረጅሙ ራስ ይወስኗታል።

እነዚህ ሦስቱ በአጥንቱ ጀርባ፣ በተለይም ከአከርካሪው በታች ባለው ጎድጓዳ ቦታ፣ ከጡንቻው ሥር ከአጥንቱ ጋር ተጣብቀው ይገናኛሉ። ከፊት በኩልም፣ አጥንቱ ከጎድን ጋር በሚተያይበት ገጽ፣ ሌላ መገናኛ አላቸው። በጎድን አጥንቶች መካከል የሚሄዱት ኢንተርኮስታል ደም ቅዳዎችም በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ይቀላቀሏቸዋል። በትከሻ ጫፍ ላይ ያለው አክሮሚዮን የተባለው ክፍል የራሱ አነስተኛ መረብ አለው፤ ስለ ክንዱ ሕይወት ስንነጋገር ግን ያን ያህል ስለማይመዝን አልዘገይበትም።

ደም በአንድ ቧንቧ ውስጥ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ኋላ ሊፈስ ይችላል?

ይችላል፤ ተማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግራቸውም ይህ ነው። ደም መልስ በሚባሉት ቧንቧዎች ውስጥ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክሉ መዝጊያዎች አሉ፤ በእነዚህ ደም ቅዳዎች ውስጥ ግን የሉም። ስለዚህ የደሙን አቅጣጫ የሚወስነው የግፊት ልዩነት ብቻ ነው፤ ግፊቱ ከሚበልጥበት ወደሚያንስበት ይፈሳል።

በተለመደው ጊዜ ደም ከአክሲለሪ ወደ ሰብስካፑላር፣ ከዚያም በሰርከምፍሌክስ ስካፑላር በኩል ወደ አጥንቱ ጀርባ ይሄዳል። ከላይ ከአንገት በኩልም ሱፕራስካፑላር ያመጣው ደም ይመጣል፤ ሁለቱ በመረቡ ውስጥ ሲገናኙ ግፊታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይገፋም። አሁን አክሲለሪ ከሰብስካፑላር በፊት ተዘጋ እንበል። ከመዘጊያው በታች ግፊቱ ይወድቃል፤ ከአንገት በኩል የሚመጣው ግፊት ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ደሙ በሱፕራስካፑላርና በዶርሳል ስካፑላር ወርዶ፣ በአጥንቱ ጀርባ ያለውን መረብ አቋርጦ፣ በሰርከምፍሌክስ ስካፑላር ውስጥ ከወትሮው በተቃራኒ ይፈስና ሰብስካፑላርን ተከትሎ ወደ አክሲለሪ ሦስተኛ ክፍል ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ያው የቀድሞው ነው፤ ብሬኪያል፣ ክንድ፣ መዳፍ።

በጅማ ከተማ ዋናው አስፋልት ለሥራ ሲዘጋ ባጃጆች በውስጥ ለውስጥ መንገድ ዞረው ከመዘጊያው ወዲያ አስፋልቱ ላይ እንደሚወጡት መሆኑ ነው። በእነዚያ የውስጥ መንገዶች ላይ የጉዞው አቅጣጫ በዚያን ቀን ይለወጣል፤ ወትሮ ከአስፋልቱ ወደ ሰፈር ይገባባቸው የነበሩት፣ አሁን ከሰፈር ወደ አስፋልቱ የሚወጣባቸው ይሆናሉ።

ዋናው ቧንቧ የት ላይ ቢዘጋ ነው መረቡ የሚያገለግለው?

ታይሮሰርቪካል ትረንክ ከሚነሣበት በኋላና ሰብስካፑላር ከሚነሣበት በፊት ባለው ርቀት ውስጥ ቢዘጋ ነው። ይህ ማለት ከሰብክሌቪያን አንደኛ ክፍል መጨረሻ እስከ አክሲለሪ ሦስተኛ ክፍል መጀመሪያ ማለት ነው። የዙሪያ መንገዱ መግቢያ ከመዘጊያው በላይ፣ መውጫው ከመዘጊያው በታች ሆኖ የሚገኘው በዚህ ርቀት ውስጥ ብቻ ነው።

መዘጊያው ከሰብስካፑላር በታች ከሆነ ነገሩ ይከፋል። መረቡ ደሙን መልሶ የሚያወጣው ከመዘጊያው በላይ ስለሚሆን ዙሪያው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በዚህ ቦታ የሚቀረው ተስፋ የላይኛውን የክንድ አጥንት ዞሮ የሚሄደው ፖስቲሪየር ሰርከምፍሌክስ ሂውመራል ከላይ፣ ፕሮፈንዳ ብሬኪያይ የተባለው ጥልቅ የክንድ ደም ቅዳ ደግሞ ከታች የሚልኳቸው ቅርንጫፎች መገናኛ ነው። ይህ መገናኛ ቀጭን በመሆኑ በድንገተኛ ጉዳት ጊዜ በቂ ሆኖ መገኘቱ አያስተማምንም። ቀዶ ሐኪም በብብት ውስጥ ደም ቅዳ ለማሰር ሲገደድ ሰብስካፑላር ወዴት እንዳለ አስቀድሞ የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት የክንድን ዕጣ ሊወስን ይችላል።

መዘጊያው በተቃራኒው ሰብክሌቪያን ገና ከመነሻው ላይ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ወደ አንጎል የሚወጣው ቨርቴብራል ደም ቅዳ አቅጣጫውን ቀይሮ ደሙን ወደ ክንድ ሊያወርድ ይችላል። ሰውየው በዚያ ክንዱ ሲሠራ ማዞር ወይም ብዥታ ሊሰማው ይችላል፤ የሁለቱ ክንዶች የደም ግፊት ሲለካም ጉልህ ልዩነት ይታያል። በጤና ጣቢያ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ አዲስ ታካሚ ሲመጣ ግፊቱን ቢያንስ አንድ ጊዜ በሁለቱም ክንድ እንድትለኩ የምለምናችሁ ለዚህ ነው።

መረቡ ካለ ታዲያ ደም ቅዳው በድንገት ሲቆረጥ ክንድ ለምን አደጋ ላይ ይወድቃል?

መረቡ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ በቂ ደም ማሳለፍ መቻሉ ሌላ ነገር ነው። በቧንቧ ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠን ከቧንቧው ስፋት ጋር ያለው ግንኙነት ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ጥብቅ ነው፤ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ውስጣዊ ስፋቱ (ዲያሜትሩ) በግማሽ ቢቀንስ የሚያልፈው ፈሳሽ በግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። የመረቡ መገናኛዎች ከዋናው ቧንቧ እጅግ የቀጠኑ ስለሆኑ፣ ብዛታቸው ጉድለቱን በቅጽበት አይሞላውም።

ጊዜ ካገኙ ግን ይሰፋሉ። ዋናው ቧንቧ ቀስ በቀስ ሲጠብ በመገናኛዎቹ ውስጥ የሚያልፈው ደም ይጨምራል፤ የፍሰቱ መጨመር የቧንቧውን ውስጠኛ ሽፋን ይፈትገዋል። ሽፋኑም ይህን ተገንዝቦ በመጀመሪያ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ንጥረ ነገር በማመንጨት ቧንቧውን ያላላዋል፤ ፍሰቱ ሲቀጥልም በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ግድግዳው እንደ አዲስ ተሠርቶ ቧንቧው በእርግጥ ይሰፋል። በጅማ ዙሪያ በቡና ማሳ መካከል የሚያልፍ ቀጭን የእግር መንገድ ሰው ሲበዛበት እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ ከነጭነቱ በቅሎ የሚያሳልፍ መንገድ ይሆናል፤ አንድ ቀን በድንገት ገበያተኛ ሁሉ ቢጎርፍበት ግን ያን ቀን አያሳልፍም።

ይህን እውነት ለቀዶ ሕክምና ካስተዋወቁት መካከል የሚጠቀሰው በለንደን የሠራው ጆን ሃንተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 ከጉልበቱ ኋላ ደም ቅዳው ያበጠበትን አንድ የሠረገላ ነጂ ሲያክም፣ እግሩን ከመቁረጥ ይልቅ ዋናውን ደም ቅዳ ጭኑ ላይ አሰረው፤ እግሩም በተለዋጭ የደም መንገዶች ተመግቦ ዳነ። ቦታው እግር ቢሆንም ሐሳቡ ለትከሻም ያው ነው።

ስለዚህ ቀስ ብሎ ለሚመጣ መጥበብ መረቡ ታላቅ መከታ ነው። ለጥይት፣ ለጩቤ፣ ለመኪና አደጋ ግን እንደ መተማመኛ ሊቆጠር አይገባም። ደም ያጣ ጡንቻ በተለመደው ሙቀት ውስጥ እስከ 6 ሰዓት ገደማ እንደሚቋቋም ይነገራል፤ ከዚያ በፊትም ጉዳት ሊጀምር ይችላል። ከሩቅ ወረዳ ተነሥቶ ጅማ ለመድረስ ከዚህ ጊዜ ስንቱ በመንገድ ላይ እንደሚያልቅ የምናውቅ ሰዎች፣ ቀጠሮው በደቂቃ የሚቆጠር መሆኑን ልንዘነጋ አይገባንም።

በእጅ አንጓ ላይ ትርታ ከተገኘ ደም ቅዳው ደህና ነው ማለት ነው?

አይደለም። ደም ቅዳው በብብት ውስጥ ተቀድዶም ቢሆን መረቡ ጥቂት ደም ወደ ታች ሊያሳልፍ ስለሚችል አንጓው ላይ ደካማ ትርታ ሊገኝ፣ መዳፉም ሊሞቅ ይችላል። የሁለቱን እጆች ትርታ በአንድ ጊዜ ይዞ ማነጻጸር ይገባል። በብብት ውስጥ የሚያድግ እብጠት፣ የክንድ መደንዘዝ፣ ጣትን ማንቀሳቀስ አለመቻል፣ መገርጣትና መቀዝቀዝ ከታዩ ትርታ ቢኖርም ባይኖርም ታካሚው ወደ ሪፈራል ሆስፒታል መሄድ አለበት። አክሲለሪ ደም ቅዳ ከነርቮች ጋር በአንድ ከረጢት ውስጥ ስለሚሄድ፣ የፈሰሰው ደም በዚያ ተጠራቅሞ ነርቮቹን ሊጫናቸው ይችላል፤ ስለዚህ መደንዘዙ እየባሰ መሄዱ ራሱ የመድማት ምልክት ሊሆን ይችላል።

የወለቀ ትከሻን ወጌሻ ቢመልሰው ምን ችግር አለው?

ወጌሻዎችን የማክበር ልማድ ውስጥ አድጌአለሁ፤ ቤተሰቤም ወለምታ ሲያጋጥመው የሚሄደው ወደ እነርሱ ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለመንቀፍ ሳይሆን በብብት ውስጥ ያለውን ስለማውቅና ስለምፈራ ነው።

ትከሻ ሲወልቅ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው የክንድ አጥንት ራስ ወደ ፊትና ወደ ታች ይወጣል፤ ይህም ማለት አክሲለሪ ደም ቅዳና ነርቮቹ ወዳሉበት ነው። የደም ቅዳው ሦስተኛ ክፍል በሰብስካፑላርና አጥንቱን በሚዞሩት ቅርንጫፎች እንደ ችካል ስለተያዘ እንደ ልብ አይሸሽም፤ ፔክቶራሊስ ማይነርም ከላይ ይጫነዋል። በዚህ ሁኔታ ክንዱ በኃይል ሲጎተት ሊቀደድ የሚችለው ይኸው ክፍል ነው። በወጣት ላይ ይህ እምብዛም አይደርስም፤ በእድሜ በገፉና ደም ቅዳቸው በደነደነ ሰዎች ላይ፣ እንዲሁም ከወለቀ ብዙ ቀን ባለፈው ትከሻ ላይ ግን ስጋቱ ከፍ ይላል። ጉዳቱ ሰብስካፑላር በሚነሣበት ቦታ ላይ ከደረሰ ደግሞ የመረቡ መውጫ በር ራሱ ተቀደደ ማለት ነውና ተለዋጩም መንገድ አብሮ ይጠፋል።

በጅማ ዞን ደን ውስጥ ባህላዊ ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቅሉ ንብ አናቢዎች አሉ። ከዛፍ ሲወድቁ ቅርንጫፍ ጨብጠው የሚንጠለጠሉ ሰዎች ክንዳቸው በድንገት ወደ ላይ ስለሚሳብ ነርቮቹም ደም ቅዳውም አብረው ሊለጠጡ ይችላሉ። እንዲህ ላለው ሰው ከማንኛውም መጎተት በፊት የትርታው፣ የስሜቱና የጣቶቹ እንቅስቃሴ መመርመር፣ የራጅ ፎቶም መነሣት አለበት፤ አጥንቱ ከተሰበረ መጎተቱ ጉዳቱን ያባብሰዋልና።

ስብራትን በቀርከሃ አጥብቆ ማሰርስ? መረቡ አይረዳም?

በፍጹም አይረዳም። የትከሻው መረብ ደሙን ብብት ድረስ ያደርሰዋል፤ ክርን ወይም ክንድ ላይ የታሰረው ጠባብ እስራት ግን ከዚያ በታች ዋናውንም ተለዋጩንም በአንድነት ያፍናል። የታሰረ ልጅ ሌሊት በሕመም ሲያለቅስና ጣቶቹ ሲያብጡ «ስብራቱ ነው» ተብሎ እስከ ጠዋት መጠበቅ የለበትም። እስራቱ ወዲያውኑ ይፈታ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይሂድ። በዚህ ምክንያት የሚመጣው ጋንግሪን ልጆችን እጅ አልባ እንደሚያደርግ በአገራችን ያሉ የአጥንት ሐኪሞች ሁሉ ያውቁታል፤ ሊቀር የሚችል ጉዳት በመሆኑ ነው ልቤን የሚያቆስለው።

ከብብት የሚደማ ሰው ሲያጋጥም ምን ይደረጋል?

ክንድን ከላይ አጥብቆ ማሰር በዚህ ቦታ አይቻልም፤ ከቁስሉ በላይ ለእስራት የሚሆን ቦታ የለምና። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ውስጥ ጠቅጥቆ በእጅ መዳፍ ሳያቋርጡ አጥብቆ መጫን ነው። ደሙ ቆመ ወይ ብሎ ለማየት ደጋግሞ ማንሣት የረጋውን ደም መልሶ ይነቅለዋል። የተሰካ ነገር ካለ አይነቀልም፤ ዙሪያው ተደግፎ ከነተሰካው ይሂድ።

ክንዴን ተንተርሼ ስተኛ የሚደነዝዘው ደም ስለቆመ ነው?

በአብዛኛው አይደለም። የሚደነዝዘው ነርቭ ስለተጫነ ነው። ደም ቅዳው ቢጫንም መረቡ ክንዱን እየመገበ ይቆያል፤ ክንዳችንን እንዳነሣን የሚሰማን መውረር ነርቮቹ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ የሚሰማ ነው። እስከ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቡና ጆንያ በትከሻቸው የሚጭኑና የሚያወርዱ ሠራተኞች ክንዳችን ይዝላል፣ ጣታችን ይደነዝዛል ሲሉም መጀመሪያ የሚጠረጠረው የነርቭ መጫን ነው። ጣት በቅዝቃዜ ወይም በሥራ ሰዓት የሚነጣ፣ የሚጠቁር ወይም የሚቆስል ከሆነ ግን ጉዳዩ የደም ቅዳ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል።

ክራንች ብብት ላይ መደገፍ ጉዳት አለው?

አለው። የክራንቹ ጫፍ ከብብት ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ የሰውነቱን ክብደት መዳፍ መሸከም አለበት። ለዓመታት በብብቱ የሚንጠለጠል ሰው አክሲለሪ ደም ቅዳው በተደጋጋሚ ስለሚወገር ግድግዳው ሊያብጥ፣ በውስጡም ደም ሊረጋና ተቆርሶ ወደ ጣቶቹ ሊወርድ ይችላል። ከእንጨት የተሠራ ክራንች የሚጠቀሙ ሁሉ ቁመቱን ቢያስለኩ ጥሩ ነው።

ሐኪም የልጄ አኦርታ ጠቧል ካለኝ በኋላ ጀርባውን የመረመረው ለምንድን ነው?

ኮአርክቴሽን የሚባለው የአኦርታ መጥበብ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የግራው ሰብክሌቪያን ከተነሣ ጥቂት ወረድ ብሎ ነው። ስለዚህ ክንድና ራስ ከፍተኛ ግፊት ያገኛሉ፤ ከወገብ በታች ግን ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ በብሽሽት ላይ የሚገኘው ትርታም ይደክማል ወይም ይዘገያል። ደሙ መጥበቢያውን ለመዞር ከሰብክሌቪያን ቅርንጫፎች ወደ ኢንተርኮስታል ደም ቅዳዎች ገብቶ፣ በእነርሱ ውስጥ ወደ ኋላ ፈስሶ፣ ወደ ታችኛው አኦርታ ይገባል። የስካፑላ መረብም በውስጠኛው ጠርዙ በኩል ከእነዚህ ጋር ስለተገናኘ የዚህ ዙሪያ መንገድ አካል ይሆናል፤ አንዳንዴም ደም ቅዳዎቹ እጅግ ሰፍተው በሁለቱ ስካፑላዎች መካከል ሲመቱ በዓይን ይታያሉ፣ በእጅም ይዳሰሳሉ።

የሰፉት ኢንተርኮስታል ደም ቅዳዎች ደግሞ በዓመታት ውስጥ የጎድን አጥንቶችን የታችኛውን ጠርዝ ይሸረሽራሉ፤ ይህ በራጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ጎድን ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚተርፉት ደም ቅዳዎቻቸው ከአኦርታ ሳይሆን ከላይ ከሰብክሌቪያን ወገን ስለሚመጡ ነው። በዚህ ሕመም ላይ መረቡ የሚመግበው ክንዱን ሳይሆን የታችኛውን አካል ነውና ከላይ ከተነገረው ጋር አያምታታዎት። ሐኪሙ የልጅዎን ጀርባ የዳሰሰው ይህን እያሰበ ነው።

ቀዶ ሐኪሞች ከጀርባ ሥጋና ቆዳ ወስደው ሌላ ቦታ ሲተክሉ ስካፑላው ደም አያጣም?

ከሰርከምፍሌክስ ስካፑላር የሚመገብ ቆዳ፣ ከቶራኮዶርሳል የሚመገበውም ላቲሲመስ ዶርሲ የተባለ ሰፊ የጀርባ ጡንቻ ከነደም ቅዳቸው ተነሥተው የፊት፣ የጡት ወይም የእግር ጉድለት ይሞላባቸዋል። አስፈላጊ ሲሆንም የስካፑላው ውጫዊ ጠርዝ ከፊሉ አብሮ ተወስዶ ለመንጋጋ አጥንት ምትክ ይሆናል። አንዱ ምንጭ ሲወሰድ ሱፕራስካፑላርና ዶርሳል ስካፑላር ስለሚቀሩ የተረፈው አጥንት በሕይወት ይኖራል። የተሰበረ ስካፑላም ደም ስለማይቸግረው በደንብ ይገጥማል፤ ይልቅ ስካፑላን የሚሰብር ምት ከባድ በመሆኑ ከሥሩ ያሉት ጎድኖችና ሳንባ መጎዳታቸው በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል።

በመጽሐፍ ያነበብኩትና በአስከሬን ላይ ያየሁት ለምን አልተስማሙም?

መጽሐፉ የሚሥለው ብዙውን ጊዜ የሚታየውን ነው። ዶርሳል ስካፑላር በብዙ ሰዎች ከሰብክሌቪያን ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ ክፍል ቀጥታ ይወጣል፤ በሌሎች ግን ትራንስቨርስ ሰርቪካል የተባለው ደም ቅዳ ጥልቅ ቅርንጫፍ ሆኖ ከታይሮሰርቪካል ትረንክ ይመጣል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ከሦስተኛው ክፍል በሚነሣበት ሰው ላይ ሰብክሌቪያን ከዚያ በፊት ቢዘጋ፣ ዶርሳል ስካፑላር ደም ሰጪ መሆኑ ቀርቶ ከመረቡ ደም ተቀብሎ ወደ ኋላ የሚያፈስ ሁለተኛ መውጫ ይሆናል። ከታይሮሰርቪካል በሚነሣበት ሰው ላይ ግን ሰጪነቱ እንዳለ ይቀጥላል። ሱፕራስካፑላርም አንዳንዴ ከድልድዩ ላይ ሳይሆን ከነርቩ ጋር በሥሩ ሲያልፍ ይገኛል።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራ ይህ ነው። በባዶ ወረቀት ላይ ባለ ሦስት ማዕዘኑን አጥንት ከጀርባ በኩል ሣሉ፤ ከላይ ሱፕራስካፑላርን፣ ከውስጥ ዶርሳል ስካፑላርን፣ ከውጭ ሰርከምፍሌክስ ስካፑላርን ጨምሩ፤ ከጎኑ ዋናውን ቧንቧ ከሰብክሌቪያን እስከ ብሬኪያል አውርዱ። ከዚያ ዋናውን ቧንቧ በእርሳስ አንድ ቦታ ላይ ቁረጡትና ደሙ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በየት አቅጣጫ እንደሚያልፍ በቀስት አሳዩ። መቁረጫውን አንድ ጣት ወደ ላይ፣ አንድ ጣት ወደ ታች እያዘዋወራችሁ ድገሙት፤ ሰብስካፑላርን አልፋችሁ ስትቆርጡ ቀስቶቹ መድረሻ ሲያጡ ታዩታላችሁ።